ለሳልና ለጉንፋን፦ የኬረላን ካሻያም በልኩ ማፍላት

ሻርጃ በኖርኩባቸው ዓመታት ጎረቤቴ በደቡብ ህንድ ካለችው ከኬረላ የመጣች ነርስ ነበረች። ቼቺ እላት ነበር። በማላያላም ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። አንድ ጥር ላይ ጉንፋን ጣለኝ። አፍንጫዬ ተደፈነ፣ አክታው ደረቴ ላይ ተቀመጠ፣ ሌሊቱን ሳል አላስተኛ አለኝ። ቼቺ መጣች። ግንባሬን ዳሰሰች፣ ጀርባዬ ላይ ጆሮዋን አድርጋ ትንፋሼን አዳመጠች፣ ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ይዛ የተመለሰችው በብርጭቆ የተቀዳ ጥቁር ነገር ነው። ቡና ቡና ይላል፣ ግን ቡና ብቻ አይደለም። የዝንጅብሉ ሽታ ገና ከበር ያውዳል።

«ቹኩ ካፒ ነው» አለችኝ። ቹኩ ደረቅ ዝንጅብል ነው፣ ካፒ ደግሞ ቡና። ካሻያም እንደሚሉት ተፍልቶ የሚቀነስ መጠጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔም አፈላለሁ። መጀመሪያ ያፈላሁት ግን የሚጠጣ አልነበረም። ቅመሙን ዱቄት አድርጌ፣ እሳቱን ለቅቄ፣ ሁሉንም ባንዴ ጨምሬ ነበር። ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጭቃ ሆነ። ቼቺ ድስቱን አየችና «ቅመሙንማ ታውቂዋለሽ፤ ያልለካሽው ውሃውን ነው» አለችኝ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ስለዚሁ ልክ ነው። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ የሌለበት የአበሻ ቤት የለም። የህንዶቹ ጥበብ ያለው በውሃው፣ በእሳቱና በሰዓቱ ላይ ነው።

ድስት ከመጣዳችሁ በፊት

ቼቺ መጀመሪያ ያደረገችው ትንፋሼን ማዳመጥ ነበር። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የሚፈላው ነገር ለተራ ጉንፋን፣ ለጉሮሮ መከርከርና ለቀላል ሳል ነው። ሳንባ ምች አያድንም፣ አስም አያቆምም፣ ቲቢን አያጠፋም።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ላይ ውጋት ካለ፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ከዘለቀ ድስቱን ተዉትና ወደ ሐኪም ሂዱ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ያንገበግበኛል።

ልጅ ከሆነ የታመመው፣ ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ለሰዓትም አትዘግዩ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከታመመ ቤት ውስጥ ምንም አይሞከርበትም።

አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት (ኢንሄለሩን) በዚህ አይተካም። ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀም ይችላል፣ ግን ሲያፍነው እጁ መሄድ ያለበት ወደ መንፊያው ነው።

ካሻያም ማለት ምን ማለት ነው

አዩርቬዳ የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና ነው። ከዕፅዋት መድኃኒት የሚያወጣባቸው 5 መሠረታዊ መንገዶች አሉት። ጭማቂው ስዋራሳ ይባላል። ተወቅጦ የሚለወሰው ካልካ ነው። ተፍልቶ የሚቀነሰው ክዋታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚያድረው ሂማ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ የሚጠለለው ፋንታ ነው። እኛ ዳማ ካሴ አሽተን ጨምቀን ስንጠጣ የመጀመሪያውን መንገድ እየሄድን ነው። ሻይ ደግሞ ከመጨረሻው ይመደባል።

የዛሬው ጉዳያችን መካከለኛው ነው። በሳንስክሪት ክዋታ፣ በሰሜን ህንድ ካዳ፣ በኬረላ ካሻያም ይሉታል። ከሻይ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ሻይ ይነከራል፣ ካሻያም ይቀነሳል። የጥንቱ ደንብ 1 እጅ ዕፅ በ16 እጅ ውሃ ይላል። በሸክላ ድስት፣ በለዘበ እሳት፣ ስምንተኛው እጅ ውሃ እስኪቀር ይፈላል። ዛሬ ብዙዎች ሩቡ ሲቀር ያወጡታል። በቁጥር ላስቀምጠው። 25 ግራም ደረቅ ሥር በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጣድና 100 ሚሊ ሊትር ሲቀር ይወጣል። ሥርና ቅርፊት ጠንካራ ነው፣ ያለውን ቶሎ አይለቅም። ረጅም ጊዜና ብዙ ውሃ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ለምን ቅመሙ ሁሉ የሚያቃጥል ሆነ? በአዩርቬዳ አስተሳሰብ አክታ፣ መደፈንና የደረት መክበድ ካፋ የሚባለው የሰውነት ባሕርይ መብዛት ናቸው። ካፋ ቀዝቃዛ፣ ከባድና ዝልግልግ ነው። ስለዚህ የሚጋፈጠው ሙቅና ሹል ነገር ይሆናል። ትሪካቱ የሚሉት አለ፤ «ሦስቱ የሚያቃጥሉ» እንደማለት ነው። ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ፒፓሊ የተባለው ረጅም በርበሬ እኩል እኩል ሆነው ይደባለቃሉ። ፒፓሊ የእኛን ጥምዝ ይመስላል። ዘመዱም ነው፤ ራሱ ግን አይደለም።

ካፋ የሚባለውን የዘመኑ ሐኪም አይቀበለው ይሆናል። ሙቅ ፈሳሽ ጉሮሮን እንደሚያለሰልስና የተደፈነ አፍንጫን እንደሚያቀል ግን ማንም አይከራከርም።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈላው ቀለል ያለ መጠጥና ቫይድያ፣ ማለትም የአዩርቬዳ ሐኪም፣ ለክቶ የሚያዘው ብርቱ ካሻያም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህ በታች የማሳያችሁ የመጀመሪያውን ነው። 25 ግራም ቁንዶ በርበሬ በ16 እጥፍ ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ሳሉን ትቶ ጨጓራውን ያስታምማል።

ቹኩ ካፒ፣ ደረጃ በደረጃ

ለ2 ብርጭቆ የሚያስፈልገው ይኸው። የአውራ ጣት ግማሽ የሚያክል ደረቅ ዝንጅብል፣ 8 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ከ10 እስከ 12 ቅጠል ቱልሲ፣ 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቡና፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጃገሪ። ውሃ 3 ብርጭቆ፣ ወደ 600 ሚሊ ሊትር።

ጃገሪ ያልተጣራ ደረቅ ስኳር ነው። ከሸንኮራ አገዳም ከዘንባባም ይሠራል። ለቹኩ ካፒ ኬረላዎች ካሪፔቲ የሚሉትን፣ ጥቁሩን የዘንባባ ጃገሪ ይመርጣሉ። ባሕረ ሰላጤው አገር፣ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ያላችሁ የህንድ ሱቅ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ከጠፋ ቡናማ ስኳር ይተካዋል።

ቱልሲ የበሶብላና የዳማ ካሴ ዘመድ ነው። በህንድ ብዙ የሂንዱ ቤት ግቢ ውስጥ በክብር ተተክሎ ታያላችሁ። ትኩሱን ካጣችሁ ደረቁ ይሆናል፣ 1 የሻይ ማንኪያ። እሱም ከሌለ ተዉት። በሶብላ ብትጨምሩ መጠጡ ይጣፍጣል፤ ግን ሌላ ተክል መሆኑን አትርሱ።

አንደኛ፣ ውሃውን ለኩ፤ መድረሻውን አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። ቼቺ ያስተማረችኝ ዘዴ ይህ ነው። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ 2 ብርጭቆ ውሃ ብቻ አድርጉ። ንጹሕ የእንጨት ማማሰያ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ድስቱ ወለል አቁሙ። አውጡትና ውሃው የነካው ቦታ ላይ በቢላ ጫር አድርጉ። አሁን 3ኛውን ብርጭቆ ጨምሩ። ሲፈላ ማማሰያውን እያቆማችሁ ታያላችሁ፤ ውሃው ጭረቱ ላይ ሲደርስ ደርሷል ማለት ነው። የእኔ ማማሰያ ላይ ዛሬ 3 ጭረት አለ፤ አንዱ ለዚህ፣ ሁለቱ ለሌላ ድስት።

ድስቱ ሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ቢሆን ጥሩ ነው። አሉሚኒየም አልወድም፤ በተለይ ሎሚ የሚጨመርበት ነገር ሲሆን።

ሁለተኛ፣ ቅመሙን ከክኩት፤ አታልሙት። ዝንጅብሉን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ከሙኑን ሙቀጫ ውስጥ አድርጋችሁ በዘነዘና መታ መታ አድርጉ። አዩርቬዳ ለዚህ ውቀት ያቫኩታ የሚል ስም አለው፤ «እንደ ገብስ የተከካ» ማለት ነው። ክክን የምናውቅ ሰዎች ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻንም። ዱቄት ከሆነ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሲጠለልም ያልፋል፣ ጉሮሮም ይይዛል። እንዳለ ከገባ ደግሞ ውስጡ ያለውን አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ጣዱ፣ ክዳኑንም ተዉት። የተከካውን በቀዝቃዛው ውሃ ጨምሩና እሳት ላይ አድርጉ። አንዴ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ሽሮ ቀስ እያለ እንደሚንተከተክ ነው መሆን ያለበት። ድስቱን አትክደኑት፤ ውሃው ተንኖ መቀነስ አለበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ሽታው ስል ነው፣ አፍንጫ ይወጋል። ወደ መጨረሻው ይለዝባል፣ ክብ ይሆናል፤ ቀለሙም ከገለባ ወደ ጠላ ያደላል። እኔ አሁን አሁን ማማሰያውን ሳላቆም ከሽታው አውቀዋለሁ። እናንተ ግን ጭረቱን እመኑ።

አራተኛ፣ ጃገሪውን ጨምራችሁ አማስሉ። ሲሟሟ ቡናውን ጨምሩ። ልክ እንደ ጀበና ቡና ሊገነፍል ስለሚችል ዓይናችሁን አትንቀሉ። 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ማታ የምትጠጡት ከሆነ ቡናውን ሙሉ በሙሉ ተዉት። ለታመመ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው እንቅልፍ ነው።

አምስተኛ፣ ቱልሲውን እሳቱን አጥፍታችሁ ጨምሩ። ቅጠሉን በእጃችሁ ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ ጣሉትና አሁን ክደኑ። 5 ደቂቃ ይቀመጥ። የቅጠል መዓዛ በዘይቱ ነው፣ ዘይቱም በእንፋሎት ይበራል። ሥር ይፈላል፣ ቅጠል ይነከራል። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ነበር። ሁሉንም ባንዴ ጨምሬ ቱልሲውን 20 ደቂቃ ቀቀልኩት፤ የቀረው ምሬቱ ብቻ ነበር።

ስድስተኛ፣ አጥልሉና በሙቁ ጠጡ። ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ። የቀረው ለቤተሰብ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁሉም ተራውን ይጠብቃልና። ጨጓራ ያለበት ምግብ ከበላ በኋላ ይጠጣ።

ማር የምትወዱ ከሆነ ጃገሪውን ቀንሱና ማሩን ብርጭቆው ውስጥ ለብ ሲል ጨምሩ። አዩርቬዳ ማር አይፈላም ይላል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በጭራሽ አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ትንሽ ልጅ ቁንዶ በርበሬ የበዛበትን ፍል ከምትግቱት፣ ከመተኛቱ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር በለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል።

ጊዜ ለሌለው፣ ደረቁ ድብልቅ

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲገባ አዩሽ የሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና ሚኒስቴር አዩሽ ክዋት የተባለ ቀላል ድብልቅ ለሕዝቡ አስተዋወቀ። 4 እጅ ቱልሲ፣ 2 እጅ ቀረፋ፣ 2 እጅ ደረቅ ዝንጅብል፣ 1 እጅ ቁንዶ በርበሬ ነው። ሚኒስቴሩ ያስተዋወቀው የሰውነትን የመከላከል አቅም ያግዛል ብሎ ነው። እኔ የምወደው ልኩ ግልጽ ስለሆነ ነው።

40 ግራም ደረቅ ቱልሲ፣ 20 ግራም ቀረፋ፣ 20 ግራም ደረቅ ዝንጅብል፣ 10 ግራም ቁንዶ በርበሬ ብታደርጉ 90 ግራም ይወጣዋል። ለአንድ ጊዜ የሚጠጣው 3 ግራም ስለሆነ ለ30 ጊዜ ይበቃል። ከክታችሁ ደባልቁ፣ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ክደኑ። ስትፈልጉ 3 ግራሙን በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ነክራችሁ እንደ ሻይ ጠጡት፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ። ጃገሪ ወይም ሎሚ ጠብ ማድረግ ይቻላል። ስሙ ክዋት ይሁን እንጂ አሠራሩ ወደ ፋንታ ያደላል፤ ቅጠሉ ስለሚበዛ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው።

ስለ ቀረፋው አንድ ቃል። ወፍራሙና ጠንካራው የካሲያ ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ነገር አለበት፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። የጉበት ችግር ያለበት ሰው ይተወው። ለሌላው ለጥቂት ቀን ችግር የለውም፤ ለወራት ግን አይጠጣም።

የባለሙያውን ለባለሙያው

በኬረላ ለሳል ከሁሉ የሚታወቀው ቅጠል አዳሎዳካም ነው። በሳንስክሪት ቫሳካ ይባላል። ውስጡ ቫሲሲን አለ። ከፋርማሲ የምትገዙት የአክታ መድኃኒት ብሮምሄክሲን የተሠራው ይህን ንጥረ ነገር መነሻ አድርጎ ነው፤ አምብሮክሶልም ከብሮምሄክሲን የተገኘ ነው። ይህን ሳውቅ ቼቺ ጠርሙሱንም ድስቱንም እኩል የምታከብርበት ምክንያት ገባኝ።

ይህ ቅጠል ግን እንደ ዝንጅብል በዘፈቀደ የሚፈላ አይደለም። ማኅፀንን የማኮማተር ኃይል ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት አትቀምሰውም። ሌላም አለ። አጥር ላይ የሚተከለው የእኛ ሰንሰል፣ አንዳንዱ ስሚዛ የሚለው፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። የድሮ ሳይንሳዊ ስሙም አዳቶዳ ሺምፔሪያና ነበር። ስሙ ተቀራረበ ብላችሁ ከአጥር ቀጥፋችሁ እንዳታፈሉ። ዘመድ መሆን መድኃኒትነቱንም መጠኑንም አንድ አያደርገውም።

በጠርሙስ የሚሸጠውስ? ኬረላ ውስጥ ኮታካል በምትባል ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አሪያ ቫይድያ ሳላን የመሳሰሉ ነባር ቤቶች ካሻያም አሽገው ያወጣሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የጠነከረ ስለሆነ መለያው ላይ በተጻፈው ልክ በተፈላ ውሃ ተቀጥኖ ይጠጣል። ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ፣ መለያ የሌለው እንክብልና ዱቄት ግን አትግዙ። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ዝንጅብሉንና ቁንዶ በርበሬውን ያልተፈጨውን ገዝቶ ቤት መከካት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የምትጠጡትን ታውቃላችሁ።

የተዘጋጁ ድብልቆች ውስጥ ያሽቲማዱ የሚባል ጣፋጭ ሥር ካያችሁ፣ ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየምም ያወርዳል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው እነዚህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጃገሪው ስኳር መሆኑን አይዘንጋ፤ ያለ ምንም ማጣፈጫ ይጠጣው።

ስንት ቀን፣ እንዴትስ ይቀመጥ

ተራ ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ቹኩ ካፒውን የሚከብደው ሰሞን፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ጠጡት። ደረት ካቃጠላችሁ ወይም አፍ ከደረቀ ቁንዶ በርበሬውን በግማሽ ቀንሱ፤ ካልተሻለ አቁሙት። ጠጥተን ካልተሻለን መጠኑን ማብዛት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እዚህ ላይ አይሠራም።

የፈላ ካሻያም በዕለቱ ያልቃል። የደረቀው ድብልቅ ግን እርጥበት ካልነካው 2 እና 3 ወር ይቆያል። ኬረላ ውስጥ ዝናቡ የሚበረታበት ካርኪዳካም የሚባለው ወር ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ይውላል፤ ሰዉ ሰውነቱን የሚጠግንበት የአዩርቬዳ ወር ነው። የእኛም ጉንፋን የሚበረታው ያኔ ስለሆነ፣ እኔ ዝንጅብሉን ግንቦት ላይ ፀሐይ ሳለ አደርቃለሁ። ታጥቦ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ነጠላ ለብሶ ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል። ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከጎበጠ አንድ ቀን ይጨመርለት። ዕቃው ላይ የከደናችሁበትን ቀን ጻፉበት።